የፀጉር ንቅለ ተከላ ስንት ነው? ከተከላው በፊት ነቀላውን እንይ

የአክስቴ ልጅ ዱባይ ነው የሚኖረው። ከሦስት ዓመት በፊት ኢስታንቡል ሄዶ ፀጉር አስተከለ። ከዓመት በኋላ ለፋሲካ አዲስ አበባ ሲመጣ ሁላችንም ያየነው ግንባሩን ነው። የፀጉሩ መስመር ወጥቷል፣ ፊቱ አሥር ዓመት የቀነሰ ይመስላል። እናቱ ደጋግማ እያየችው ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር። ከኋላ ግን ማንም አላየውም። መጀመሪያ ያየው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው። ፌድ ቁረጠኝ ብሎት ማሽኑን ከጆሮው በላይ ሲያሳልፍ፣ ብል የበላው ልብስ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች፤ አንዱ ጋ ጥቅጥቅ፣ ሌላው ጋ ሳሳ። ልጁ ከኋላው መስታወት አስይዞ ራሱን አየና ዝም አለ። አብሬው ነበርኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ነው ይህን ጉዳይ በደንብ ማንበብ የጀመርኩት። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ስንት ነው? የትኛው ዓይነት ይሻላል? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ግን ከሁለቱም በፊት ቃሉን ራሱን ልብ ብለን ብናየው ጥሩ ነው። ንቅለ ተከላ። መጀመሪያ መንቀል አለ፣ ቀጥሎ መትከል። ማስታወቂያው ሁሉ የሚያወራው ስለ ተከላው ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ግን በብዛት ነቀላው ላይ ነው።

ፀጉሩ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በ1952 ኖርማን ኦሬንትራይክ የሚባል የኒውዮርክ የቆዳ ሐኪም ከአንድ ሰው ማጅራት አካባቢ ፀጉር ያለው ቆዳ ወስዶ በራው ላይ ተከለ። ያወቀው ነገር እስከ ዛሬ የዚህ ሕክምና መሠረት ነው። የተዛወረ ፀጉር የሚይዘው የሄደበትን ቦታ ጠባይ ሳይሆን የመጣበትን ነው። ወንዶችን በራ የሚያደርገው ሆርሞን ግንባርና አናት ላይ ያለውን የፀጉር ሥር ያቀጭጨዋል። ከኋላና ከጎን ያለው ግን ይህን ሆርሞን ይቋቋማል። ስለዚህ ከኋላ ነቅለው ከፊት ሲተክሉት ከፊትም ይቆያል።

ነገሩ ይህ ከሆነ፣ ንቅለ ተከላ አዲስ ፀጉር አይፈጥርም። ያለውን ነው የሚያዛውረው። ከኋላ የተነቀለ ሥር ደግሞ በቦታው መልሶ አይበቅልም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። እንደተላጨ ፀጉር መልሶ የሚወጣ ይመስለዋል።

አሁን ትንሽ እንቁጠር። ሐኪሞቹ የሚቆጥሩት «ግራፍት» በሚባል ነው። አንድ ግራፍት በተፈጥሮ አብረው የሚበቅሉ ከ1 እስከ 4 የሚደርሱ ፀጉሮች ያሉበት ሥር ነው። ከኋላና ከጎን ካለው ቦታ፣ መሳሳቱ ሳይታይ በዕድሜ ልክ ሊወሰድ የሚችለው ጥሩ ፀጉር ላለው ሰው 6,000 ግራፍት ገደማ ነው። ለብዙ ሰው ከዚያም ያንሳል። ግንባርና ከሱ ቀጥሎ ያለው ቦታ 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር 40 ግራፍት ሲተከል 2,000 ይበቃል። ፊቱም አናቱም ሄዶ የቀረው የጎንና የኋላ ፀጉር ብቻ ከሆነ ግን ባዶው ቦታ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በዚያው ስሌት 8,000 ግራፍት ይፈልጋል። የለም! ከየትም አይመጣም። ስለዚህ «ሙሉ ራስ እንሞላለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን ሒሳብ አስታውሱ።

በነቀላ የሚለያዩትና በተከላ የሚለያዩት

የድሮው ዘዴ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቆዳ እየበሱ ማዛወር ነበር። ፀጉሩ ይበቅላል፣ ግን እንደ አሻንጉሊት ራስ ጭብጥ ጭብጥ እያለ ይቆማል። ያ ዘመን አልፏል። አሁን ያሉት በሁለት ይከፈላሉ፦ አነቃቀላቸው የሚለያይና አተካከላቸው የሚለያይ።

በነቀላ የሚለያዩት ኤፍዩቲ እና ኤፍዩኢ ናቸው። ኤፍዩቲ ላይ ሐኪሙ ከማጅራት በላይ ቀጭንና ረጅም የቆዳ ሰንጥቅ ቆርጦ ያወጣል። ስፋቱ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የተቆረጠው ቦታ ይሰፋል። የወጣው ቆዳ ደግሞ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባና ባለሙያዎች ግራፍቶቹን አንድ በአንድ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ ቦቢ ሊመር የተባለ ሐኪም በማይክሮስኮፕ መለየት ሲጀምር ነው ውጤቱ ተፈጥሯዊ መምሰል የጀመረው። ኤፍዩቲ ጥሩ ጎኑ ሥሩን እያዩ መለየት መቻሉ ነው። መጥፎ ጎኑ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚሄድ የመስመር ጠባሳ መተዉ ነው። ፀጉሩን ለሚያሳድግ ሰው አይታይም። አሳጥሮ ለሚቆረጥ ሰው ግን ይታያል።

ኤፍዩኢ ቆዳ አይቆርጥም። ከ0.7 እስከ 1 ሚሊ ሜትር በሚሆን ክብ መብሻ እያንዳንዱን ግራፍት ዙሪያውን ቆርጦ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 ራስማንና በርንስታይን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪሞች በጽሑፍ ካቀረቡት በኋላ በዓለም ተስፋፋ። የሚሰፋ ነገር የለም፣ ቶሎ ያገግማል። «ጠባሳ የለውም» የሚለው አባባል ግን ልክ አይደለም። 2,500 ግራፍት ማለት 2,500 ትናንሽ ጠባሳ ነው። በደንብ ከተበተኑ አይታዩም። አንድ ቦታ ከተከማቹ ወይም ከመጠን በላይ ከተወሰደ፣ የአክስቴን ልጅ ራስ ይመስላል።

ሌላው ችግር ኤፍዩኢ በግምት የሚሠራ መሆኑ ነው። መብሻውን የያዘው ሰው ከቆዳው በላይ ያለውን ፀጉር እንጂ ከቆዳው ሥር ያለውን አያይም። ሥሩ ወዴት እንደታጠፈ መገመት አለበት። ከሳተ ሥሩን ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይበቅልም። የሠለጠነ እጅ ያለው ይህን ጥፋት ከ5 በመቶ በታች ለማድረግ ይጥራል። ያልሠለጠነ እጅ ላይ ጥፋቱ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ተወዳጅ ስሞች እንምጣ። ዲኤችአይ፣ ሳፋየር። ሁለቱም ከኤፍዩኢ የሚለዩት በአተካከል ነው። ዲኤችአይ የሚባለው ቾይ የሚባለውን ብዕር የመሰለ መሣሪያ ይጠቀማል። ይህ መሣሪያ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ የሆነ ነው። ግራፍቱን ቀዳዳ ባለው መርፌ ውስጥ አስገብተው ቆዳውን መብሳትና መትከልን በአንድ ጊዜ ይሠሩበታል። ጥቅም አለው። ነባሩን ፀጉር ሳይላጩ በመሃሉ ለመትከል ይመቻል፣ አቅጣጫን ለመቆጣጠርም ይረዳል። ግን ጊዜ ይፈጃል። ሳፋየር ደግሞ የመትከያውን ቀዳዳ ከብረት ቢላ ይልቅ ሳፋየር (ሰንፔር) ከሚባለው ድንጋይ በተሠራ ቢላ መክፈት ነው፣ በቃ። ለሁለቱም ተጨማሪ ገንዘብ ይጠየቃል። ነቀላው ግን በሁለቱም ኤፍዩኢ ነው። ያው መብሻ፣ ያው ግምት። ነቀላው ላይ የጠፋውን ግራፍት ብዕሩም ሳፋየሩም አይመልሱትም። በጥሩ ሐኪም እጅ በብዕር ተተከለ በመቆንጠጫ፣ ከዓመት በኋላ ልዩነቱን በዓይን መለየት ይከብዳል።

ሮቦትም አለ። አርታስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሰጥቶታል። ፈቃዱ ሲሰጥ የተጻፈው ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ሉጫ ፀጉር ላላቸው ወንዶች ተብሎ ነው። ሉጫ የሚለውን ቃል ያዙልኝ፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

ገንዘቡ

አሜሪካ ውስጥ ዋጋው ብዙ ጊዜ በግራፍት ይቆጠራል። ከ4 እስከ 10 ዶላር መሃል ያለ ዋጋ የተለመደ ነው። ኤፍዩቲ ብዙ ጊዜ ከኤፍዩኢ ይረክሳል። 2,500 ግራፍት በ4 ዶላር ቢሆን 10,000፣ በ7 ዶላር ቢሆን 17,500 ዶላር ማለት ነው። ምዕራብ አውሮፓም ብዙ ሺህ ዩሮ ይጠይቃል። ኢስታንቡል ግን ሆቴሉ፣ ከአየር ማረፊያ መቀበያው፣ አስተርጓሚው ተጨምሮ ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር በሆነ ጥቅል ይገኛል። የግራፍቱ ብዛት ስንትም ቢሆን ዋጋው ያው ነው። ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ቲኬትና ቪዛ ይጨመራል።

ለኛ የብሩ ጉዳይም አለ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲተው፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። 142,500 ብር የነበረው የ2,500 ዶላር ጥቅል ሩብ ሚሊዮን ብር አለፈ። አገልግሎቱን አዲስ አበባ ውስጥ እንሰጣለን የሚሉ ክሊኒኮችም አሉ። እነሱንም በዚሁ መስፈርት ነው መመዘን ያለብን።

ቱርክ ለምን ረከሰ? የሠራተኛ ደመወዝ ዝቅተኛ ነው፣ ሊራው ወድቋል፣ ፉክክሩ ከባድ ነው። እነዚህ ጤነኛ ምክንያቶች ናቸው። ጤነኛ ያልሆነም አለ። አንዳንድ ቦታ አንድ ሐኪም በቀን ብዙ ሰው ይቀበላል። ግንባሩ ላይ መስመር ያሰምርና ይወጣል፣ ነቀላውን ቴክኒሽያን ይሠራዋል። የፀጉር ንቅለ ተከላ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር በዚህ ላይ ለዓመታት የማስጠንቀቂያ ዘመቻ ሲያደርግ ቆይቷል። እዚያው ቱርክ ውስጥ ደግሞ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚቀበሉ፣ በራሳቸው እጅ የሚሠሩ እጅግ ጎበዝ ሐኪሞች አሉ። ዋጋቸው ከጥቅሉ ይበልጣል፣ ከአሜሪካ ግን ያንሳል። «ቱርክ መጥፎ ነው» ማለት ስህተት ነው። አገሩን ትተን እጁን እንይ።

አሁን አንድ ስሌት ላሳያችሁ። አንደኛው ሰው በ2,500 ዶላር ጥቅል 4,000 ግራፍት አስነቀለ እንበል። ጥድፊያ ስለነበር 30 በመቶው ሞተ። የበቀለው 2,800 ነው። ሁለተኛው ሰው 2,500 ግራፍት በ6 ዶላር፣ በጠቅላላው 15,000 ዶላር ከፈለ። የሞተበት 5 በመቶ ነው። የበቀለው 2,375 ነው። በገንዘብ ካየነው የመጀመሪያው ለበቀለ አንድ ግራፍት 90 ሳንቲም ገደማ ከፈለ፣ ሁለተኛው ከ6 ዶላር በላይ። ርካሹ ያ ሁሉ ጠፍቶበትም አሁንም ርካሽ ነው! ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። የጠፉት 1,200 ሥሮች በዶላር አይተኩም። ሁለቱም ሲጀምሩ ከኋላ 6,000 ቢኖራቸው፣ የመጀመሪያው 2,000 ቀርቶታል፣ ሁለተኛው 3,500። የ28 ዓመት ልጅ ከሆነ ደግሞ በራው ገና አልጨረሰም። አርባ ሲሞላው አናቱ ይከፈታል። የዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ዛሬ የተረፈው ነው።

ለዚህ ነው «በአንድ ቀን 5,000 ግራፍት» የሚለው ማስታወቂያ ሊያስደነግጠን የሚገባው። የወጣ ግራፍት ከሰውነት ውጭ ሲቆይ ይደክማል። በሰዓት አንድ በመቶ ገደማ ይሞታል የሚል የቆየ ግምት በሐኪሞቹ ዘንድ አለ። ብዙ ባወጡ ቁጥር ተራ የሚጠብቀው ይበዛል።

የኛ ፀጉር

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ፀጉር አለ። ዞማ አለ፣ ጥቅልል አለ፣ ከርዳዳ አለ። ለዚህ ሕክምና ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከርዳዳ ፀጉር የሚጠማዘዘው ከቆዳው በላይ ብቻ አይደለም። ከቆዳው ሥርም እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው። ቀጥ ያለ መብሻ ቀጥ ብሎ ሲገባ የታጠፈውን ሥር ይቆርጠዋል። ሮቦቱ መጀመሪያ ለሉጫ ፀጉር ብቻ የተፈቀደበት ምክንያትም ከዚህ አይርቅም። ለጥምዝ ፀጉር ተብለው የተሠሩ መብሻዎች አሁን አሉ። ግን መሣሪያ መኖሩና ልምድ መኖሩ ይለያያሉ። በቀን አሥር ሉጫ ፀጉር የሚሠራ ቡድን ከርዳዳ ፀጉር ላይ ጀማሪ ሊሆን ይችላል። ብዕሩም እንደዚያው ነው። የተጠማዘዘ ሥር በቀጭን መርፌ ውስጥ ማስገባት ያስቸግራል። ለአንዳንድ ሰው ኤፍዩቲ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ሥር ጥምዙ ይታያል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጠባሳ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ኬሎይድ የሚባለው የሚያብጥ ጠባሳ በብዛት ይታያል። ጆሮ ሲበሳ፣ ክትባት ሲወጋ፣ ቁስል ሲድን ያበጠበት ሰው ወይም በቤተሰቡ ያለበት፣ ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር መቀመጥ የለበትም። ሐኪሙ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ወራት ጠብቆ ማየት ይችላል።

መልካሙ ዜና ደግሞ ይኸው። ከርዳዳ ፀጉር ብዙ ይሸፍናል። አንዱ ጥምዝ በሌላው ላይ ይተኛል፣ የፀጉሩና የቆዳው ቀለምም ይቀራረባል። ስለዚህ ሉጫ ፀጉር ያለው ሰው ከሚፈልገው ባነሰ ግራፍት ጥሩ ውጤት ይገኛል። በኛ ፀጉር ላይ የሠለጠነ ሐኪም 1,800 ይበቃሃል ሲል፣ ማስታወቂያው 4,500 ቢል አትገረሙ።

ስለ ሴቶች ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እህቶቻችን ግንባራቸው አካባቢ የሚያጡት ፀጉር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመሳብ ነው። ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ፣ የከበደ ሂውማን ሄር። ቶሎ ከተተወ ፀጉሩ ራሱ ይመለሳል። ለዓመታት ከቆየ ሥሩ ይሞታል። የዚያን ጊዜ ንቅለ ተከላ በደንብ ይሠራል፣ መሳቡ እስከቆመ ድረስ። ሌላ ዓይነት ግን አለ። ከአናት መሃል ጀምሮ ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄድ፣ አንዳንዴ የሚያሳክክና የሚያቃጥል፣ ቆዳውን ጠባሳ እያደረገ የሚሄድ። ይህ በሽታ እንቅስቃሴው ሳይቆም ከተተከለ የተተከለውም ይጠፋል። ለመለየት ከቆዳው ትንሽ ተወስዶ መመርመር ሊያስፈልግ ይችላል። ክብ ክብ እያለ የሚመለጠው ላሽም ሌላ ነው፣ መጀመሪያ የሚፈልገው ንቅለ ተከላ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አለርት ያሉ የቆዳ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ። አንድ ቀን እዚያ መሄድ ከአውሮፕላን ቲኬቱ በፊት ይቅደም።

ሳይነቅሉ መጠበቅ

የተተከለው ፀጉር ይቆያል። አጠገቡ ያለው ነባር ፀጉር ግን መሳሳቱን አያቆምም። ካልተያዘ ከዓመታት በኋላ የተተከለው ብቻውን እንደ ደሴት ይቀራል። መድኃኒቱ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ራስ ላይ የሚቀባው ሚኖክሲዲል እና በአፍ የሚወሰደው ፊናስተራይድ ያለውን ለማቆየት ይረዳሉ። ፊናስተራይድ ለወንዶች በራ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በአንዳንድ ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትን የመቀነስ ችግር ያመጣል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ፈጽሞ መውሰድ የለባትም። ሐኪም ሳያማክሩ አይጀመርም። ዋጋው ከቀዶ ሕክምናው ጋር አይወዳደርም፣ ግን የሚወሰደው ያለማቋረጥ ነው፤ ሲቆም ጥቅሙም ይቆማል።

ትዕግሥትም ይጠይቃል። የተተከለው ፀጉር ከ2 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይረግፋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጣል። ሥሩ ግን ውስጥ አለ። ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ወር ጀምሮ መውጣት ይጀምራል፣ ውጤቱ የሚፈረደው በ12 ወር ነው። አናት ላይ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ በ5ኛ ወር የተነሳ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም፣ ለክሊኒኩም ለእናንተም።

ክሊኒክ ስትጠይቁ እኔ ከዋጋ በፊት የምጠይቃቸውን ልንገራችሁ። መብሻውን በእጁ የሚይዘው ማን ነው? ሐኪሙ በዚያ ቀን ስንት ሰው ይቀበላል? እንደኔ ዓይነት ፀጉር ያለው ሰው ከዓመት በኋላ ከኋላ በኩል የተነሳውን፣ አሳጥሮ የተቆረጠውን ፎቶ አሳዩኝ። ከኋላ በኩል የሚለው ላይ አጥብቁ። ብዙዎች የሚልኩት ግንባር ብቻ ነው። ከዚህ በኋላስ ስንት ግራፍት ይቀረኛል? ይህን በቁጥር የማይመልስ ሰው ኋላችሁን አልመረመረም።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ሌላ ሐኪም ጋ ሄደ። ከኋላው ከዚህ በላይ መንካት አይቻልም ተባለ። አናቱ መሳሳት ጀምሯል፣ አሁን በመድኃኒት ይዞታል። ነጠብጣቦቹን በቀለም ንቅሳት መሸፈን እንደሚቻል ነግረውታል፣ እያሰበበት ነው። ፌድ መቆረጥ ትቷል። የሰፈሩ አስተካካይ አሁን ማሽኑ ላይ ቁጥር 4 ሰክቶ ነው የሚቆርጥለት፣ ከኋላ ደግሞ በመቀስ ብቻ።